ነርሷ እስከ ቱኩሉ ደጃፍ ትሂድ



ባለፈው ዓመት ለተግባር ልምምድ ወደ ጋምቤላ ክልል ከተላክነው የነርስ ተማሪዎች መካከል ጥቂቶቻችን ኩሌን አይተን ተመልሰናል። ኩሌ በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ ድንበር ተሻግረው የመጡትን ለመቀበል በዚያው ዓመት ተከፈተ። ዛሬ ከ40 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ይኖርበታል፤ አብዛኛው ኑዌር ነው፤ አብዛኛውም ሴትና ሕፃን ነው። ይህን የምንጽፈው የጉዞ ወሬ ለማውራት አይደለም። እዚያ ያየነው ነገር የራሳችንን የትምህርት ጉድለት ስለ ገለጠብን ነው።

አንድ ቀን ከጣቢያው የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ጋር ከቱኩል ወደ ቱኩል ስንዞር፣ 6 ዓመት የሚሆነው ልጅ ወገቡ በጨርቅ ከምሰሶ ጋር ታስሮ አገኘን። አይናገርም፤ ስሙ ሲጠራ ዘወር አይልም፤ ጣቶቹን ከዓይኑ ፊት ያወዛውዛል። እኛም የተማርን ነንና ወዲያው ተቈጣን። እናቲቱ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ልንገሥጻት ተዘጋጀን። ዳሩ ግን «ማሌ» ከሚለው ሰላምታ በቀር አንድም የኑዌር ቃል አናውቅም ነበርና አፋችን ተያዘ።

ነገሩን ያስረዳን አብሮን የነበረው ሠራተኛ ነው፤ እርሱም ራሱ ስደተኛ ነው። ልጁ እሳት አይፈራም፤ አንድ ጊዜ ተቃጥሏል። አንድ ጊዜም ጠፍቶ ሲመሽ ተገኝቷል። እናቲቱ ሌሎች 4 ልጆች አሏት፤ ባሏ አጠገቧ የለም። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ለራሽን መሰለፍ የእርሷ ፈንታ ነው። እንግዲህ ምን ታድርግ? ልጁን ያሰረችው የሚጠብቅላት ሰው አጥታ ነው። «እናንተ ሐኪሞች ከሆናችሁ፣ ሳላስረው እንዴት እንደምውል ንገሩኝ» አለችን። እኛ የበሽታውን ስም እናውቅ ነበር፤ የጠየቀችንን ግን አናውቅም ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ኦቲዝም፣ ሴሬብራል ፖልሲ፣ የአእምሮ ዕድገት መዘግየት የእርግማን ውጤት አይደሉም፤ የእናት ጥፋትም አይደሉም። ኦቲዝም ከፅንስ ጀምሮ ከአንጎል አሠራር ጋር የሚመጣ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕፃኑ ሲወለድ አየር ከማጣቱ፣ አራስ ሳለ በኃይል ቢጫ ከመሆኑ፣ አንጎል ከደረሰ ወባ ወይም ከማጅራት ገትር የተነሣ ይደርሳሉ። እኛ ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ በአዋላጅና በመድኃኒት እጦት የመጣውን ሁሉ በእናቲቱ ላይ እንለጥፋለን። ይህ የኩሌ ብቻ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ በ2 የሕፃናት አእምሮ ሕክምና ክፍሎች 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ብዙዎቹ በልጃቸው ምክንያት ኀፍረትና የመገለል ሥጋት እንዳለባቸው ተናግረዋል፤ ስለ ምክንያቱ ሲጠየቁም የወሊድ ችግርን፣ መንፈስንና ኃጢአትን አደባልቀው ጠቅሰዋል።

«በኩሌ ስንት እንዲህ ያለ ልጅ ይኖራል?» የሚለን ወዳጅ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም እንደ ነበረበት ይናገራል። ይህን ልክ በ40 ሺህ ሕዝብ ላይ ብናሰላው ከ300 በላይ ይሆናል፤ ሌላውን ችግር ሳንጨምር ማለት ነው። ለእነዚህ ልጆች የታሰበው አገልግሎት የት ነው? ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከራሳቸው ልጅ ችግር ተነሥተው በ1994 ዓ.ም. የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የሚገኘውም በብዛት እዚያው ነው። ከኩሌ እስከዚያ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልጅ ታቅፋ ያን መንገድ የምትሄድ ስደተኛ እናት የት ትገኛለች?

ስለዚህ ወደ ልጁ መሄድ ያለባት ነርሷ ናት። ሥራዋስ ምንድን ነው ቢሉ፣ በመጀመሪያ ተቀምጣ ልጁን ማየት ነው። ይሰማል ወይስ አይሰማም? የሚጥል በሽታ አለበትን? ካለበት መድኃኒቱ በየቀኑ እንዳይቋረጥ ትከታተላለች። አንገቱን መደገፍ የማይችለውን ሕፃን ቀና አድርጋ በትንሽ በትንሹ እንዴት እንደሚያጐርሱት ታሳያለች፤ አለዚያ ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባልና። በምልክት መጠየቅን፣ ጨዋታን፣ አንዱን ሥራ ከፋፍሎ ማስለመድን ለእናቲቱ ታስተምራለች። ጎረቤት በተራ እንዲጠብቅላት ታስማማለች። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ብቻ ነው፤ ልዩ ሐኪም ያልሆነ ሰው እንዲሰጠው ተብሎ የተሠራ ነው፤ በአገራችንም ተሞክሯል።

«ወባና ረኀብ ባለበት ጣቢያ ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉም አሉ። እኛ ግን ይህ ክርክር ተገልብጦ የቆመ ይመስለናል። ራሽን ሲቀንስ ቀድሞ የሚከሳው መራቡን መናገር የማይችለው ልጅ ነው። በደኅና ያዋለደች፣ ወባን በጊዜ ያከመች ነርስ ደግሞ የነገውን ችግር ዛሬ ትከላከላለች። ሥራው አንድ ነው፤ ሠራተኛዋም አንዲት ናት።

ለመሆኑ ይህ ለአገራችን እንግዳ አሳብ ነውን? በደምቢያ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ከጤና መኮንኖች ጋር የማኅበረሰብ ነርሶችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽንም ሴቶች ሠራተኞችን ከየቀበሌው ደጅ አድርሷል። ያልተማርነው አዲስ ነገር ቢኖር፣ በዚያው መንገድ ወደ እነዚህ ልጆች መሄድ ነው።

ስለዚህ ለኅብረታችን ጉባኤ 3 ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ የሕፃናት የአእምሮ ዕድገት ትምህርትና የቤት ለቤት ልምምድ በነርሶች ትምህርት ውስጥ እንዲገባ ኅብረቱ ለፋኩልቲው ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ወደ ጋምቤላ የሚሄዱ ተማሪዎች ከመሄዳቸው በፊት የኑዌርንና የአኝዋክን ቋንቋ መጀመሪያ ይማሩ፤ አስተማሪዎቹም ከመካከላችን ያሉት የክልሉ ልጆች ይሁኑ። ሦስተኛ፣ ዘንድሮ የምንመረቅ ነርሶች ምደባ ስንመርጥ ሁላችንም አዲስ አበባን ብቻ አንጻፍ። ይህንን የምንለው ለሌላው አይደለም፤ ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች መካከል ባለፈው ሳምንት «አዲስ አበባ» ብለን ቅጹን የሞላን አለን። ቅጹ እስከ ወሩ መጨረሻ ሊለወጥ ይችላል።

ከኩሌ ስንወጣ እናቲቱ በአስተርጓሚው በኩል «መቼ ትመለሳላችሁ?» ብላን ነበር። «እንመለሳለን» ብለናታል።