ዘሩ አንድ፣ መስኩ ልዩ

ሰሊጥ በአብደራፊ ቆላ ያፈራል፤ ያው ዘር በደባርቅ ደጋ ቢዘራ አይሆንለትም። ስለዚህ ገበሬው ከዘሩ አስቀድሞ መሬቱን ይመረምራል። እኛ ተማሪዎች ግን ቀመር እንሸመድዳለን እንጂ በየትኛው የቁጥር መስክ ላይ እንደቆምን አንጠይቅም።

ምሳሌ እንስጥ። ሦስት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ድምራቸው 6 ይሁን ቢባል፣ 1፣ 1 እና 2 ይበቃሉ። ከዚህች ነጥብ መስመር እየሳብን በኳሱ ገጽ ላይ ያሉትን የክፍልፋይ ነጥቦች ሁሉ እናገኛለን። ድምሩ 7 ይሁን ቢባል ግን አንድም የክፍልፋይ መልስ የለም። መልስ ቢኖር፣ ክፍልፋዮቹ በጋራ ታህት እስከ መጨረሻው ተቃልለው ሲጻፉ፣ የሦስቱ ላዕሎች ዳግም ርቢ ድምር የታህቱን ዳግም ርቢ 7 እጥፍ በሆነ ነበር። ዳግም ርቢ ለ8 ሲካፈል ግን የሚተርፈው 0፣ 1 ወይም 4 ብቻ ስለሆነ ይህ ከቶ አይሆንም። በራሱ ተባዝቶ 7 የሚሆነውን ቁጥር ወደ መስኩ ብናስገባ ግን መልሱ ወዲያው ይገኛል።

ዩሪ ማኒን በ1966 እ.ኤ.አ. በሰፊው ያጠናው፣ ኢስኮቭስኪክ በ1979 እ.ኤ.አ. በየዓይነቱ የመደበው የገጾች ጥናት ከዚሁ ጥያቄ የሚነሣ ነው።

«ይህ ለድኻ አገር ምን ይረባል?» የሚሉን አሉ። ከላይ ያለው ማስረጃ ቤተ ሙከራም ሆነ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፤ የአብደራፊ ተማሪ በእርሳስና በወረቀት ሊመረምረው ይችላል። የማይገኘውን አይገኝም ብሎ ማስረዳትም ከንቱ ድካምን ያስቀራል።

እንግዲህ መምህራኖቻችን ከየጥያቄው አጠገብ መስኩን እንዲጽፉልን እንለምናለን፤ እኛም ካልተጻፈ እንጠይቅ።