ከልደታ እስከ ልደታ፤ ያደረሰንን ፈረስ የት ጣልነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አንድ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሰን ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ከአስፋልቱ ዳር አንድ ትንሽ ቀይ ፈረስ ቆሞ አየን። ቁመቱ ገና ያላደገ ያስመስለው ነበር፤ በትከሻውና በጀርባው ላይ የጋሪ ጠባሳ ስላለ ግን ዘመኑን በሥራ እንዳሳለፈ ያስታውቃል። የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ የሰውነቱን ክብደት ወደ ኋላ እግሮቹ ጥሎ ቆሟል። ሰኮናዎቹ ከልክ በላይ አድገው ጫፋቸው ወደ ላይ ተቆልምሟል። ከመካከላችን አንዱ በአቅራቢያው የነበሩትን አንድ የጥበቃ ሠራተኛ "አባባ፣ ይህ ፈረስ የማን ነው?" ብሎ ጠየቃቸው። "የማንም አይደለም ልጄ፤ የተለቀቀ ነው" አሉት። እኛም ነጠላችንን አስተካክለን አለፍን። በሳምንቱ ስንመለስ ፈረሱ በስፍራው አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም። በዚያ ጠዋት በወንበዴዎች የቆሰለውን ሰው አይተው ገለል ብለው ካለፉት ከካህኑና ከሌዋዊው (ሉቃ. 10፥31-32) የተለየ ነገር እንዳላደረግሁ ስለማውቅ ነው።

"የተለቀቀ" የሚለውን ቃል ደጋግሜ አሰብሁት። እስረኛ ሲለቀቅ ደስ ይለናል፤ የታሰረ ሲፈታ እናመሰግናለን። አሥር ዓመት ጋሪ የጎተተ ፈረስ ሲያነክስ ግን ልጓሙን አውልቀን ግጦሽ በሌለበት ከተማ መካከል መተው መፍታት ሊባል አይችልም። ሲሠራ የእገሌ ነበር፤ መሥራት ሲያቅተው የማንም ሆነ። ባለቤትነት የሚቆየው ትርፉ እስኪያልቅ ብቻ ከሆነ፣ እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው ገዥነት (ዘፍ. 1፥28) ወደ ምን እንደተለወጠ ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

ሀገራችን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ፈረሶች ያሉባት፣ በአህያ ብዛትም በዓለም የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘች ናት። ባጃጅ ከመስፋፋቱ በፊት የቢሾፍቱ፣ የሻሸመኔ፣ የሐላባና የሌሎች ብዙ ከተሞች ታክሲ የፈረስ ጋሪ ነበር። ዳግማዊ ቴዎድሮስ "አባ ታጠቅ"፣ ዐፄ ዮሐንስ "አባ በዝብዝ"፣ ዳግማዊ ምኒልክ "አባ ዳኘው" ተብለው የተጠሩት በፈረስ ስማቸው ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ በእንጅባራ ፈረሶቹን አስጊጦ በዓሉን ሲያከብር በ1888 ዓ.ም. ከአባቶቻችን ጋር ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችም ያስባል። በየቤተ ክርስቲያናችንም ሰማዕቱ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ተሥሏል። ሥዕሉን ተሳልመን እንወጣለን፤ በበር ላይ የቆመውን ሕያው ፈረስ ግን አናየውም። አበው "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይላሉ። እኔ የምጠይቀው ካደረሰን በኋላ የት እንደጣልነው ነው።

ከዚያ እሑድ በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም ስለዚያ ፈረስ አቋቋም ስነግረው ወዲያው ገባው። የሰኮና ብግነት ይባላል፤ ሐኪሞቹ ላሚናይተስ ይሉታል። በሰኮናው ውስጥ ያለውን አጥንት ከሰኮናው ግድግዳ ጋር አጣብቀው የሚይዙ ስስ የሥጋ ቅጠሎች አሉ። እነርሱ ሲቆጡ ማጣበቂያው ይላላል፤ ሕመሙ ከበረታ አጥንቱ ከቦታው ይዞራል ወይም ወደ ታች ይሰምጣል። ፈረሱ የሚቆመው በዚያ አጥንት ላይ ስለሆነ እያንዳንዱ እርምጃ ሥቃይ ነው። ወደ ኋላ ተደግፎ የሚቆመውም የታመመውን የሰኮናውን ፊት ለማሳረፍ ነው።

መንሥኤው ብዙ ነው። ያልለመደውን እህል በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት፣ በጠንካራ መንገድ ላይ ያለ ዕረፍት መሮጥ፣ አንዱ እግር ሲጎዳ ክብደቱን ሁሉ በሌላው ላይ ለረጅም ጊዜ መሸከም፣ በባዝራዋ ላይ ደግሞ ከወሊድ በኋላ የእንግዴ ልጅ መቅረት ይጠቀሳሉ። ብግነቱ ሲቆይ ሰኮናው ማደጉን አይተውም፤ ነገር ግን እኩል አያድግም። ተረከዙ ከፊቱ ይልቅ ይፈጥናል፤ ፊቱ ይቆለመማል፤ በላዩም ቀለበት የሚመስሉ መስመሮች ይወጣሉ። ቆልማማው ሰኮና እንግዲህ ለብዙ ወራት ማንም ጎንበስ ብሎ እግሩን እንዳላነሣለት የሚመሰክር ጽሑፍ ነው።

"ይድን ነበርን?" ብዬ ጠየቅሁ። "ብዙዎቹ ይድናሉ፤ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል" አለኝ። በመጀመሪያ ሥራውን ማስተው፣ በግድ አለማስኬድና ከአስፋልት አንሥቶ ገለባ ወይም ሰጋቱራ በወፍራሙ በተነጠፈበት ስፍራ ማቆም ያስፈልጋል። እህልና ፉርሽካ ከፊቱ ይነሣል፤ ድርቆሽና ንጹሕ ውኃ ይቀርብለታል። የሕመም ማስታገሻውን የሚያዝዘው ሐኪም ነው። በጋለ ብረት መተኮስ ሥቃይ ይጨምራል እንጂ አይፈውስም። ያደገው ሰኮናም በአንድ ቀን አይቆረጥም፤ በውስጡ ሕያው ሥጋ አለና በየስድስትና በየስምንት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተሞረደ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። አጥንቱ የሰኮናውን ወለል ቀድዶ የወጣበትና ተስፋ የሌለው ፈረስም አለ፤ ያን ጊዜ ሥቃዩን ማሳጠር የሐኪሙ ፍርድ ነው።

ከነገረኝ ሁሉ በልቤ የቀረው አንድ ነገር ነው። አዲስ ሰኮና የሚበቅለው ከላይ፣ ከጠጉሩ ሥር፣ ወደ ታች ነው፤ በወር የሚያድገውም አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የታመመው ሙሉ በሙሉ ወርዶ በጤነኛ እስኪተካ ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጃል። ግንቦት 1 ቀን ልደታን ስናከብር አንድ ፈረስ ብናነሣ፣ በጤናማ ሰኮና ቆሞ የምናየው በሚቀጥለው ዓመት ልደታ ነው ማለት ነው።

እኛ ግን የለመድነው የአንድ ቀን ምሕረት ነው። ለበዓል እንመጸውታለን፤ በማግስቱ እንረሳለን። አንድ ዓመት ሙሉ በየሁለት ወሩ እግር እያነሡ መሞረድ፣ በየቀኑ ጉዝጓዝ መለወጥ፣ የሚያየን ሳይኖር ማድረግ፣ ይህ ከምጽዋት ወደ ጾም የቀረበ ሥራ ነው። በጾም ወራት ሥጋና ቅቤ እንተዋለን፤ እንስሳውን ከመብላት የከለከለን ጾም እንስሳውን በአለንጋ ከመገረፍስ ሊያድነው አይገባምን?

"ሰው በረሃብ እየወደቀ ለፈረስ ማሰብ ቅንጦት ነው" የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። ነገር ግን የጋሪ ፈረስ ጤና ከባለጋሪው እንጀራ አይለይም። ባለጋሪው ፈረሱን የሚለቅቀው ስለጨከነ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ያቆመን ፈረስ አንድ ዓመት ቀልቦ ልጆቹን ማብላት ስለማይችል ነው። በወቅቱ ሰኮናው ቢታይለት ኖሮ ፈረሱም አይወድቅም፣ ቤቱም አይራብም ነበር። ዶንኪ ሳንክቹዋሪ፣ ብሩክና ስፓና የተባሉት ድርጅቶች በሀገራችን ለጋማ ከብቶች ሕክምና ሲሰጡ፣ ባለቤቶችንም ስለ አያያዝ ሲያስተምሩ የኖሩት ይህን ተረድተው ነው። በቢሾፍቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ለዐሥርተ ዓመታት ሐኪሞች ሲያፈራ ኖሯል። ስለዚህ ዕውቀቱ በሀገራችን አለ፤ የጎደለው እግር የሚያነሣ እጅ ነው።

ሌላው ደግሞ "እንስሳ ነባቢት ነፍስ የለውም፤ ደማዊት ነፍሱ ከሥጋው ጋር ትጠፋለች፤ ስለዚህ ብዙ ልንጨነቅ አይገባም" ይላል። ትምህርቱ እውነት ነው፤ የተሰጠው መደምደሚያ ግን ተገልብጧል። በዚህ ዓለም የተገፋ ድኻ በሰማይ የአብርሃም እቅፍ ይጠብቀዋል፤ እንደ አልዓዛር ይጽናናል። ፈረሱ ግን ከዚህች ሕይወት በቀር ሌላ የለውም። ዕረፍት የሚያገኝ ከሆነ የሚያገኘው እዚህ ነው፤ የሚሰጠውም እኛ ነን። ካሣ የሚያገኝበት ሌላ ዓለም የለውምና በእርሱ ላይ የምንፈጽመው በደል አይቀልም፤ ይከብዳል።

ቅዱሳት መጻሕፍትም በዚህ ነገር ዝም አላሉም። ጠቢቡ ሰሎሞን ለከብት ሕይወት ማሰብን ከጻድቅ ሰው ምልክቶች ቆጥሮታል (ምሳ. 12፥10)። የሰንበት ዕረፍት ለበሬና ለአህያም ታዝዟል (ዘዳ. 5፥14)። የጠላት አህያ እንኳ ከጭነቱ በታች ወድቆ ቢገኝ እንዲረዱት ሕጉ ያስገድዳል (ዘጸ. 23፥5)። በለዓም አህያይቱን ሦስት ጊዜ በመምታቱ በመልአክ ተወቅሷል (ዘኍ. 22፥32)። የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ የምትሆነውን ሚስት ያወቃት ለግመሎቹም ውኃ በመቅዳቷ ነው (ዘፍ. 24፥19)። በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ላይ አናብስትና አናምርት በዙሪያቸው፣ ወፏም ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ የምናየው የቅዱሳን ምሕረት እስከ ፍጥረት ሁሉ እንደሚደርስ እንድንማር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአደባባይ በእንስሳ ላይ የሚፈጸምን ጭካኔ ይቀጣል፤ ለክርስቲያን ግን ከሕጉ በፊት ሕሊናው ሊደርስ ይገባል።

ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤታችንን ወጣቶች የምለምነው ጥቂት ነው። በክፍለ ከተማችን የሚገኝን የእንስሳት ሐኪም ስልክ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንለጥፍ። የሚያነክስ ፈረስ ወይም አህያ ስናይ ሳንጎትተው ውኃ አቅርበን ሐኪም እንጥራ። ባለቤቱን ካገኘን ሳንሰድበው እንነጋገር፤ መልቀቅን ከመምረጡ በፊት የድርቆሹንና የሕክምናውን ወጪ የምንካፈልበትን መንገድ እንፈልግ። በሕፃናት ክፍል ስለ በለዓም አህያ ስናስተምር፣ ልጆቹ ጠዋት ከመርካቶ እህል ጭነው በሰፈራችን የሚያልፉትን አህዮች እንዲያስቡ እናድርግ። ከተቻለንም በማኅበር ሆነን አንዲት እንስሳ ብቻ፣ ከልደታ እስከ ልደታ፣ አንድ ዓመት እንጠብቅ። ሺህ ፈረስ ማዳን አይቻለንም፤ የአንዱን አራት ሰኮና መጠበቅ ግን ይቻለናል።

ያ ትንሽ ቀይ ፈረስ የት እንደደረሰ አላውቅም። በዚያ እሑድ የተሰጠንን መልስ ግን ዛሬ ልንለውጠው እንችላለን። ሌላ ጊዜ አንድ ሕፃን የወደቀ እንስሳ አይቶ "ይህ የማን ነው?" ብሎ ሲጠይቀን፣ "የእግዚአብሔር ነው፤ ለእኛ በአደራ የተሰጠ" ለማለት ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።