ፒ እና ኤች ጎን ለጎን ሲቆሙ

በዚህ ወር የምንመለከተው «ፒ» እና «ኤች» የተባሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጣምረው እንደ «ፈ» የሚነበቡባቸውን ቃላት ነው። ወደዚህ ነገር የመራን ግን እኛው ራሳችን ያጠፋነው ጥፋት ስለሆነ፣ አስቀድመን እርሱን መናገር ይገባናል።

በምናስተምርበት ክፍል አንድ ብላቴና በእንግሊዝኛ ከተጻፈው መዝሙረ ዳዊት እንዲያነብ አዘዝነው። መዝሙሩ በእኛ ቍጥር 22ኛው፣ በእንግሊዞች ቍጥር 23ኛው ነው። ልጁም «እረኛ» የሚለውን ቃል «ሼፐርድ» በማለት ፈንታ «ሼፈርድ» ብሎ አነበበ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኛም መገሠጽ ሲገባን አብረን ሳቅን። ይልቁንም የሚያሳፍረው ልጁ ያነበበው እኛው ባስተማርነው ሕግ መሆኑ ነው፤ «ፒ እና ኤች አብረው ከተገኙ ዘወትር ፈ ናቸው» ብለን በሰሌዳ ላይ የጻፍን እኛ ነበርን። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ እጁን ማንሣት ተወ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አባቱ ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። በደብር የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው። «መምህር፣ ልጄ እንግሊዝኛውን አላነብም ብሎ እምቢ አለኝ። እኔ እንደሚያውቁት ቋንቋውን አልተማርሁም፤ በምን ልርዳው?» አሉን። ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የእኛ መሆኑን ነግረናቸው፣ የሁለቱን ፊደላት ነገር ከሥሩ ማስረዳት ጀመርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግሪኮች «ፊ» የምትባል ፊደል አለቻቸው። በጥንት ዘመን ድምፅዋ እንደ ዛሬው «ፈ» ሳይሆን፣ እስትንፋስ የሚከተላት «ፐ» ነበረ። ሮማውያን የግሪክን ቃል በላቲን ሲጽፉ ለዚህች ድምፅ የሚሆን ፊደል ስላልነበራቸው፣ «ፒ»ን ጽፈው እስትንፋሱን ለማመልከት «ኤች»ን በአጠገቧ አቆሙ። ኋላ ግሪኮቹ አነጋገራቸውን ወደ «ፈ» ለወጡት፤ ጽሕፈቱ ግን እንደ ቆመ ቀረ። እንግሊዝኛም ይህንኑ ወረሰ። ጣሊያኖችና እስፓኞች ግን ጥምሩን ትተው በአንዲት ፊደል ስለሚጽፉ፣ ፋርማሲ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ በሁለቱ ፊደላት ሲጀምር በጣሊያንኛ በ«ኤፍ» ይጀምራል።

መሪጌታ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያስ ፊልጶስ በሚለው ስም ሁለቱም ድምፆች አሉ» አሉን። እኛ በብዙ ዓመት ማስተማር ያላስተዋልነውን እርሳቸው በአንድ ጊዜ አዩት። አባቶቻችን መጻሕፍትን ከግሪክ ወደ ግዕዝ ሲመልሱ «ፈ»ንና «ጰ»ን ለያይተው ስለ ጻፉ፣ ግዕዙን የሚያውቅ ሰው የእንግሊዝኛውን ጽሕፈት ሳያይ ሊያውቀው ይችላል። በፊልጶስ «ፊ» ባለችበት ፒ እና ኤች፣ «ጶ» ባለችበት ኤች የሌላት ፒ ትቆማለች። በፊልጵስዩስም እንዲሁ ነው። በኤጲፋንያ ደግሞ ተራው ይገለበጣል፤ ፊት ፒ ብቻዋን፣ ኋላ ሁለቱ አብረው። ፊልሞናና ዮሴፍም በዚሁ ጥምር ይጻፋሉ።

ትርጕሙንም ቢሆን ከቤት አናጣውም። «ፊል» በግሪክ መውደድን የሚያመለክት ነው። ስለዚህ ፊሎሶፊ ማለት ፍቅረ ጥበብ፣ በዮሐንስ ራእይ የምትጠራው ፊልድልፍያ ማለት የወንድማማች ፍቅር ነው፤ የአሜሪካዋ ከተማም ይህንኑ ስም ይዛለች። ፊልጶስ ማለት ፈረስ ወዳድ፣ ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሚጠራበት የፊልክስዩስ ስም ደግሞ እንግዳ ወዳድ ማለት ነው። «ፎን» ድምፅ ነው፤ ቴሌፎን የሩቅ ድምፅ፣ ሲምፎኒ የድምፆች ስምምነት ይሆናል። «ግራፍ» ጽሕፈት ነው፤ ፎቶግራፍ በብርሃን የተጻፈ፣ ባዮግራፊ የሕይወት ታሪክ፣ ጂኦግራፊ ስለ ምድር የተጻፈ። ጥምሩን ሁለት ጊዜ የያዘው ፎስፎረስ ብርሃን ተሸካሚ ማለት ነው። ፕሮፌት ነቢይ፣ ኦርፋን እናትና አባት የሌለው ልጅ ነው። ፊዚክስ ስለ ተፈጥሮ የሚመረምር ትምህርት ሲሆን፣ ፊዚሽያን የሚባለው ግን ሐኪሙ ነው፤ ተማሪዎች ሁለቱን ያቀላቅላሉ። አራዊትን እየመሰለ የሚያስተምረው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍም ስሙ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው።

ሕፃናት የሚከተቡበት የዲፍቴሪያ ነገር ግን መሪጌታን እጅግ አስደነቃቸው። በዚህ ቃል ፒ እና ኤች፣ ቲ እና ኤች ተከታትለው ስለሚቆሙ ለጻፊ አስቸጋሪ ነው። «ዲፍቴራ» በግሪክ የተዘጋጀ ቆዳ ማለት ሲሆን፣ ሐኪሞች ስሙን የሰጡት በሽታው ጕሮሮን ቆዳ በመሰለ ሽፋን ስለሚጋርድ ነው። ሊቃውንተ ቋንቋ እንደሚሉት፣ ድንኳን የሚባለው የእኛ «ደብተራ» ከዚሁ ቃል የመጣ ነው፤ ድንኳን ከቆዳ ይሠራ ነበርና። ልጆቻችን የሚጽፉበት «ደብተር»ም በዐረብኛ በኩል ዞሮ የመጣ ያው የብራናው ስም ነው። «እንግዲህ እኔም የልጄም ደብተር የበሽታው ዘመዶች ሆንን ማለት ነው» ብለው ሳቁ፤ ይህኛው ሳቅ ማንንም አልጎዳም።

ከሕጉ የሚወጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ልጆችን የሚጥሉት ግን እነርሱ ናቸው። «ሼፐርድ» የግሪክ ቃል አይደለም። በግና ጠባቂ የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ሲጋጠሙ ፒ በፊተኛው መጨረሻ፣ ኤች በኋለኛው መጀመሪያ ቀሩ። ሽቅብ የሚለው «አፕሂል»፣ ማምለጫ ቀዳዳ የሚለው «ሉፕሆል»፣ የነሲብ ሥራን የሚያመለክተው «ሃፕሃዛርድ» ሁሉ እንዲሁ ናቸው። «ሳይፈር» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ባዶ ማለት ነው፤ ዜሮም የእርሱ ወንድም ነው። የወንድም ወይም የእኅት ልጅ የሚባልበት «ኔፊው» ከፈረንሳይኛ መጥቶ ያለ ሥሩ ግሪክ መስሎ ተጻፈ። የድኝ ስም የሆነውን «ሰልፈር» እንግሊዞች በጥምሩ ሲጽፉት ኖረዋል፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1990 ጀምሮ ግን የዓለም የኬሚስትሪ ማኅበር በ«ኤፍ» እንዲጻፍ ስለ ወሰነ፣ በመጻሕፍት ሁለቱም ይገኛሉ።

በማግሥቱ በክፍሉ ፊት ልጁን ይቅርታ ጠየቅነው። «ሼፐርድ»ንም በሰሌዳ ላይ ጽፈን በፒ እና በኤች መካከል መሥመር አሰመርን፤ የቀድሞውን ሕግ በእጃችን አጠፋነው። ልጁ ዝም ብሎ ተመለከተ። ወደ ሰዓቱ መጨረሻ ግን እጁን አነሣ። ትናንት ማታ ከአባቱ ጋራ በግዕዝ የሚያውቋቸውን ስሞች ሁሉ ሲቈጥሩ አምሽተው እስጢፋኖስ ላይ ደርሰው ኖሯል። «ፒ እና ኤች ያለበት ስም ሆኖ ሳለ፣ እንግሊዞች ስለ ምን ስቲቨን ይሉታል?» ሲል ጠየቀን።

የጥንት እንግሊዞች «ፈ»ን በሁለት አናባቢዎች መካከል ሲያገኟት ወደ «ቨ» ይለውጧት ነበር፤ ኋላ ጽሕፈቱ የግሪኩን መልክ ሲይዝ አነጋገሩ እዚያው ቀረ። ይህን መልስ ግን በዚያ ሰዓት አላወቅነውም ነበርና፣ ፈልገን በሦስተኛው ቀን ነገርነው።