አንቲቫይረስ ብቻውን ይበቃል ላሉት

ጥሩ አንቲቫይረስ ላለው ሰው፣ ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚያግድ ሶፍትዌር ትርፍ ሸክም ነው ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊው ዋናውን ነገር ስተውታል። አንቲቫይረስ የሚይዘው የሚያውቀውን ወይም የሚጠረጥረውን ነው፤ ትናንት ማታ የተሠራ ቫይረስ ሊያልፈው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከዊንዶውስ 7 ጋር የመጣውን አፕሎከር የመሰለ መሣሪያ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል፦ ካልተፈቀደ አይነሳም። በፍላሽ ይምጣ በኢሜይል፣ ለእሱ ያው ነው። የአውስትራሊያ መንግሥት ይህን ቁጥጥር ከስምንቱ መሠረታዊ የሳይበር መከላከያዎች አንዱ ያደረገው ለጌጥ መሰላቸው?

ሥራ ያስተጓጉላል ማለታቸውስ? አዎ፣ የቢሮውን ፕሮግራሞች ሳያጠና በጥድፊያ ለሚጭን ሰው። መሣሪያው መጀመሪያ ሳያግድ መዝግቦ ብቻ እንዲቆይ የሚያደርግ ስልት እኮ አለው! እናም አንባቢ ሆይ፣ ሲመርጡ በፋይል ስም ብቻ የሚፈቅደውን ይተዉት፤ በአምራቹ ዲጂታል ፊርማ የሚለየውን ይያዙ።