ቡድኑ አሸነፈ፣ ትኬቱ ተበላ

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ናይጄሪያን ሲገጥሙ ከዓለም ዋንጫ የሚለዩን ሁለት ጨዋታዎች ብቻ ነበሩ። በኃይሉ አሰፋ ቀድሞ አገባ። ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን ጨመረና 2 ለ 1 ተሸነፍን። ለእኛ ሐዘን ነበር። ያንኑ ውጤት በሃንዲካፕ ብናየው ግን በናይጄሪያ ማሸነፍ ገንዘቡን የሚያጣ፣ በኢትዮጵያ መሸነፍ ደግሞ የሚከፈለው ሰው እናገኛለን። ዛሬ በየሰፈሩ ቤቲንግ ቤት ትኬት የሚቆርጡ ልጆች ኦዱ (ያስያዙት ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር) ከፍ ማለቱን አይተው ይህን ምርጫ ሲነኩ አያለሁ፤ ምን እንደገዙ የሚነግራቸው ሰው ግን የለም።

ሃንዲካፕ ጨዋታው ሳይጀመር ከጠንካራው ቡድን ላይ ጎል መቀነስ፣ ወይም ለደካማው ጎል መስጠት ነው። ናይጄሪያን በማይነስ 1.5 የያዘ ሰው የሚበላው ናይጄሪያ በሁለት ጎልና ከዚያ በላይ ልዩነት ስታሸንፍ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ አንድ ስለነበር ይህ ትኬት ይወድቃል፤ ኢትዮጵያ ፕላስ 1.5 ያለው ይከፈለዋል። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ ጨዋታው 2 ለ 0 ሲያልቅ ሁለቱ ትኬቶች ቦታ ይለዋወጣሉ።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ግማሽ በሌለው ቁጥር ላይ ነው። ናይጄሪያ ማይነስ 1 በሚባለው ምርጫ የአዲስ አበባው ውጤት ሲቀነስ 1 ለ 1 ይሆናል። በአውሮፓው ዓይነት ሦስት ምርጫ አለ፤ አቻን የያዘ ይበላል፣ ናይጄሪያን የያዘ ሁሉንም ያጣል። በእስያው ዓይነት አቻ የሚባል ምርጫ ስለሌለ ገንዘቡ ተመላሽ ነው። ያው ቁጥር፣ ያው ጨዋታ፣ ግን አንዱ ባዶ እጁን ይሄዳል፣ ሌላው ያስያዘውን ይቀበላል። ማይነስ 0.75 ደግሞ ገንዘቡን ለሁለት ይከፍላል። በ1.90 ኦድ 100 ብር ያስያዘ ሰው ቡድኑ በአንድ ጎል ቢያሸንፍ፣ ግማሹ እንደ ማይነስ 0.5 ተቆጥሮ 95 ብር ያመጣል፣ ግማሹ እንደ ማይነስ 1 ሆኖ 50 ብሩ ይመለሳል፤ በእጁ የሚገባው 145 ብር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከስሌቱ በላይ ያለው ነገር ነው። «እኔ ኳስ አውቃለሁ» የሚለው ልጅ የሚያውቀው ማን ከማን እንደሚበረታ ነው። ሃንዲካፕ ደግሞ ያንን እውቀት አስቀድሞ ቀንሶታል። መስመሩ የሚሰመረው ሁለቱም ወገን እኩል ዕድል እንዲኖረው ታስቦ ስለሆነ፣ ልጁ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ነገር ዋጋው ውስጥ ገብቶ አልቋል። ሁለቱም ወገን 1.90 ሲሰጣቸው፣ አንዱ ላይ 100 ሌላው ላይ 100 ብር ቢያዝ ቤቱ ከ200 ብር 190 ከፍሎ 10 ብር ያስቀራል፤ ማንም ያሸንፍ። ስለዚህ ተወራራጁ ላለመክሰር ብቻ ከመቶ ወደ 53 ጊዜ ልክ መሆን አለበት። በዚህ ገበያ የሚያተርፉ ሰዎች አሉ። የእንግሊዞቹ ክለቦች የብራይተን ባለቤት ቶኒ ብሉምና የብሬንትፎርድ ባለቤት ማቲው ቤንሃም ሀብት ያፈሩት ከውርርድ ነው፤ ግን ቀን ከሌት መረጃ የሚተነትኑ የሒሳብ ባለሙያዎችን ቀጥረው ነው። አንድ ተማሪ በስልኩ የሚገጥመው እነሱንና እነሱ ያስተካከሉትን መስመር ነው።

ሌላም አለ። 1 ለ 0 እየመራ 85ኛው ደቂቃ ላይ የደረሰ አሠልጣኝ ሁለተኛ ጎል አያስፈልገውም፤ ኳሷን ጥግ ወስዶ ሰዓት ያስበላል፣ አጥቂውን አውጥቶ ተከላካይ ያስገባል። ልክ ነው፤ ሥራው ማሸነፍ ነው። ማይነስ 1.5 የያዘው ሰው የሚለምናትን ጎል ግን ሜዳ ላይ ያለ ማንም አይፈልጋትም።

ይህ በማሸነፍና በጎል ልዩነት መካከል ያለ ክፍተት ለማጭበርበርም በር ይከፍታል። በ1950 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን የአሜሪካን ሁለት ታላላቅ የኮሌጅ ውድድሮች በአንድ ዓመት አሸንፎ ነበር። በዓመቱ ከተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ ታሰሩ። ከቁማርተኞች ገንዘብ ተቀብለው የነጥብ ልዩነቱን ሲያስተካክሉ ነበር፤ ምርመራው ወደ ሌሎች ኮሌጆችም ተዛመተ። ተጫዋቹን «ተሸነፍ» ማለት ከባድ ነው፤ «አሸንፍ፣ ግን በጥቂቱ» ማለት ይቀላል፣ ከተመልካችም ዓይን ይሰወራል። ሰው በልዩነት ላይ ገንዘብ ባያስይዝ ኖሮ ለዚህ ጉቦ የሚከፍል አይኖርም ነበር።

የስፖርት ጋዜጠኞቻችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። የሳምንቱን ጨዋታዎች ስትተነትኑ ማን ያሸንፋል ብላችሁ አታቁሙ፤ ማይነስ 1 ምን እንደሚያስከትል፣ ከ200 ብር ቤቱ ስንት እንደሚያስቀር በአማርኛ ተናገሩ። ትኬት አሳታሚዎቹም ገንዘብ ተመላሽ የሚሆንበትንና የማይሆንበትን ውጤት ወረቀቱ ላይ ይጻፉ። ትኬት ልትቆርጥ የተሰለፍከው ወንድሜም፣ መስኮቱ ጋ ከመድረስህ በፊት ቡድንህ በአንድ ጎል ቢያሸንፍ ምን ታገኛለህ ብለህ ራስህን ጠይቅ። መልሱን ካላወቅከው ገንዘብህን ይዘህ ተመለስ።