ውሻዬ አርጅቶ ነው ታሞ?

ከወረታ የጻፍክልኝ ወጣት፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል፡፡ 11 ዓመት አብሮህ የኖረው ውሻህ ምግብ ቀንሷል፣ ከተኛበት ለመነሳትም ይቸገራል፡፡ ሰፈርተኛው "እርጅና ነው፣ ተወው" ይልሃል፡፡

እኔ ግን አትተወው ባይ ነኝ! እርጅና በሽታ አይደለም፤ በሽታን ግን ይሸፍናል፡፡ እስቲ ደብተር ያዝ፡፡ በየሳምንቱ ጎድኑን ዳስስ፤ አጥንቱ እየወጣ ከሄደ ከስቷል፡፡ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ቁጠር፤ በተደጋጋሚ ከ30 ካለፈ ልቡ ወይም ሳንባው ይታይ፡፡ ውሃ መጠጣትና ሽንት ካበዛ ኩላሊት ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል (አትሳቅ፣ ውሻም ስኳር ይይዘዋል)፡፡ ደብተሩን ይዘህ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ "ከመቼ ጀምሮ?" ማለቱ አይቀርም፡፡

ለመነሳት መቸገሩ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊሆን ይችላል፡፡ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት ደግሞ እርጥበቱ ይብስበታል፡፡ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሩዝ ገለባ አንጥፍለት፤ ሲረጥብ ቀይርለት፡፡ ለራስህ የገዛኸውን ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ግን እንዳትሰጠው! ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳዋል፡፡

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፡፡ ጠባዩ በጥቂት ቀናት ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው "አጥንት ተሰንቅሮበት ነው" ብለህ እጅህን አፉ ውስጥ አትክተት፡፡ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፡፡ ምልክቱ አንዴ ከታየ ለውሻውም ለሰውም መዳኛ የለውም፡፡ "ያረጀ ውሻ ምን ክትባት ያስፈልገዋል" የሚሉህንም አትስማ፡፡ ከነከሰህ ወይም ለሃጩ ቁስልህን ከነካ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ታጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ድረስ፡፡ ያን ጊዜ ለእኔ ደብዳቤ ስትጽፍ እንዳትቀመጥ!