ስኪማው ይቅደም፣ ኮዱ ይከተል፦ ስለ ሞባይል መተግበሪያዎች የመረጃ ሲሪያላይዜሽን

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ለረጅም ዓመታት የተመራው በወረቀት መዝገብ ነው። አሁን ጤና ሚኒስቴር ባስፋፋው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት የእናቶችና የሕፃናት መዝገብ በታብሌት ይሞላል። ከአምቦ ወጣ ብሎ በጄልዱ ወይም በዳኖ ገጠር የተሞላ መዝገብ ግን ኔትወርክ እስኪገኝ ድረስ በመሣሪያው ውስጥ መቆየት ይኖርበታል። መዝገቡ ለማከማቻም ሆነ ለመላኪያ ወደ ባይት ረድፍ የሚለወጥበት ሥራ ሲሪያላይዜሽን ይባላል። ለእንዲህ ዓይነቱ አገልግሎት መተግበሪያ የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይህን ሥራ በእጅ በተጻፈ ኮድ ወይም በዘፈቀደ በተመረጠ ላይብረሪ ሊያልፉት አይገባም። መዝገቡ ምን ምን እንደሚይዝ አስቀድሞ በስኪማ ተጽፎ፣ ኮዱ ከዚያ ስኪማ በመሣሪያ ቢመነጭ ይሻላል።

ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ምክንያት የመጠን ማነስ ነው፤ እውነትነትም አለው። «የልደት_ቀን» የሚል ስም ያለው መስክ «2015-13-06» ከሚል ዋጋ ጋር በጄሶን ሲጻፍ፣ ትእምርተ ጥቅሶቹና ሁለት ነጥቡ ተቆጥረው 34 ባይት ይይዛል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ ክፍት ባደረገው ፕሮቶኮል በፈርስ ግን የመስኩ ስም አይላክም፤ የሚላከው ቁጥሩ ነው። ቀኑ ከአንድ መነሻ ቀን በተቆጠሩ ቀናት ከተገለጸ ሁሉም በ4 ባይት ያልቃል። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት 140 ባይት ብቻ መሸከሙ ሲታሰብ፣ ልዩነቱ መልእክቱ አራት መስክ ይይዛል ወይስ ሠላሳ አምስት የሚል ይሆናል።

እዚህ ላይ የግዕዝ ፊደል ያለ አግባብ ይወቀሳል። በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት፣ የቁቤ ፊደል ደግሞ 1 ባይት መውሰዱ እሙን ነው። ሆኖም «ጫልቱ» በግዕዝ ሦስት ፊደል፣ 9 ባይት ነው፤ በቁቤ ሰባት ፊደል፣ 7 ባይት። አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ ክፍተቱ እንደሚወራው ሰፊ አይደለም። እውነተኛው ብክነት ያለው ሌላ ቦታ ነው። የፓይተን የጄሶን ላይብረሪ ካልተከለከለ በቀር እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል ወደ 6 ባይት የማምለጫ ኮድ ይለውጣል፤ ያው ስም 18 ባይት ይሆናል።

ይሁንና ስለ መጠን ብቻ ከሆነ ተቃዋሚዎች በቂ መልስ አላቸው። ብዙ መዝገቦች በአንድነት ተጨምቀው ሲላኩ የመስክ ስሞች ድግግሞሽ አብዛኛው ይጠፋል። ጄሶን ደግሞ በዓይን ይነበባል፤ ስሕተት ፍለጋ ሌሊቱን ለሚያጋምስ ተማሪ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ክርክሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለሁለቱም መፍረድ በተቻለ ነበር።

ክብደቱ ያለው በጳጉሜን ላይ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ቀን ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በጃቫ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ሲምፕል ዴት ፎርማት፣ ጥብቅ እንዲሆን ካልታዘዘ፣ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያጋጥመው ስሕተት አያሳውቅም፤ የቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያ ወር አድርጎ ያልፈዋል። ስለዚህ ሕፃኑ መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወለደ ይሆናል። ቀኑ ትክክለኛ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም፤ ልጁ ግን በመዝገብ ላይ ባልተወለደበት ዓመት ይኖራል። የልደት ቀን በስኪማው የቀናት ቁጥር ተብሎ ከተደነገገ፣ የሚመነጨው ኮድ የሚቀበለው ቁጥር ብቻ ነው። የዘመን አቆጣጠር ልወጣውም በታወቀ አንድ ቦታ ተጽፎ በዚያው ይፈተናል።

ሁለተኛው አደጋ የጊዜ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ ነበር። ያን ያህል ከቆየ በኋላ የሚገናኝ ስልክ በአሮጌ የመተግበሪያ እትም የተሞሉ መዝገቦችን ይዞ ይመጣል፤ ሰርቨሩ በመካከሉ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። የጃቫ ነባር ሲሪያላይዜሽን የክላሱ የእትም ቁጥር ካልገጠመ መዝገቡን አልቀበልም ይላል። በሪፍሌክሽን የሚሠራው ጂሰን ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው፦ ኮድ አሳጣሪው የመስኮቹን ስም ከለወጠ፣ በሙከራ እትሙ በትክክል ሲሠራ የቆየው መተግበሪያ ለተጠቃሚ በተለቀቀው እትም ላይ ትርጉም የሌለው ስም መጻፍ ይጀምራል። በመስክ ቁጥር የሚሠራ የመነጨ ኮድ ግን የማያውቀውን መስክ ዘሎ የሚያውቀውን ያነባል። ለዚህም አንድ ሕግ መጠበቅ አለበት፤ የተሰረዘ መስክ ቁጥር ለሌላ መስክ ዳግም አይሰጥም። ጄሶንን መተው ለማይፈልግም መንገዱ አልተዘጋም፤ የኮትሊን ሲሪያላይዜሽን ያለ ሪፍሌክሽን፣ ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ የመጻፊያና የማንበቢያውን ክፍል ያመነጫል።

ከዚህ አንጻር የስኪማው ፋይል ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር አብሮ ሊገመገምና በትምህርት ክፍሉ ሊቀመጥ ይገባዋል። ተማሪው ተመርቆ ሲሄድ መተግበሪያው ይቀራል፤ የመስክ ቁጥር 7 ትርጉም ግን ከእርሱ ጋር መሄድ የለበትም።

ኮድ አመንጪው የማይፈታው ጉዳይም አለ። በጊንጪ ጤና ጣቢያ ስሟ በቁቤ የተመዘገበ እናት ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ስትላክ በአማርኛ ልትመዘገብ ትችላለች። ስሙ በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ የሚናገር መስክ በስኪማው ከሌለ፣ የትኛውም መሣሪያ ከራሱ አያመነጨውም። ያን መስክ ለመጨመርና ለመሰየም ተማሪው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የመዝገብ ቤቱ ባለሙያ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ አለባቸው።